የባዝራዬ ዓይን እንባው አልቆም አለ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የ12 ዓመት ባዝራ አለችኝ። የግራ ዓይኗ ማንባት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። መጀመሪያ ዝንብ ነው ብዬ ችላ አልኩት። አሁን ግን እንባው ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቷል፤ ከዓይኗ ሥር ያለው ፀጉር ተመልጦ ቆዳው ቀልቷል። ሳያት አንጀቴን ትበላኛለች።

ጠዋትና ማታ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ እጠርግላታለሁ። የዝንብ መከላከያ ጭምብል አድርጌላታለሁ። አቧራ እንዳይገባባት ድርቆሹንም አርሼ ነው የምሰጣት። ለውጥ የለም።

እንባው እንደ ውሃ የጠራ ነው፣ መግል የለውም። ዓይኗን አታጨናብስም፣ ብርሃንም አትሸሽም። ስለዚህ የእንባ መውረጃ ቱቦዋ ተደፍኖ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ቱቦው የሚከፈተው አፍንጫዋ ውስጥ፣ ከታች በኩል ነው። በባትሪ ሳየው የቀኙ እርጥብ ነው፣ የግራው ግን ደረቅ።

ከቤት የተረፈ የዓይን ቅባት ነበረኝ፤ ስቴሮይድ (እብጠትና መቅላት የሚቀንስ መድኃኒት) ስላለበት አልነካሁትም። ዓይኗ ላይ የማይታይ ቁስል ካለ ያባብሰዋል። የእንስሳት ሐኪሙ የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው።

ቱቦውን ያሳጠባችሁ አላችሁ? ተመልሶ ይደፈናል? እስከዚያስ የተላጠውን ቆዳዋን ምን ልቀባላት?