ከዲስክ ሲከፈት ድምፁና ቪዲዮው የሚጠፋው ስላይድ

አሠልጣኟ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለአዳዲስ ሠራተኞች ማሠልጠኛ የሚሆን ስላይድ በፓወርፖይንት 2016 አዘጋጅቻለሁ። ፎቶ፣ በራሴ ድምፅ የተቀዳ ማብራሪያና አጫጭር ቪዲዮዎች አሉበት። ሲዲ ላይ ጽፌ (በርን አድርጌ) እዚሁ ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው ምንም እንከን የለውም። ሲዲውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከት ግን ጽሑፉና ፎቶው ይመጣል፣ ማብራሪያው ጭራሽ የለም፣ ቪዲዮዎቹም ሥዕላቸው ብቻ ይታይና ብጫናቸው አይንቀሳቀሱም። ሲዲው ነው የተበላሸው? ሌላ ልግዛ?

የጥገና ሰው፦
ሲዲ አትግዢ እህቴ። ፎቶው ከመጣ ሲዲው ይነበባል ማለት ነው። ቪዲዮዎቹ ስላይዱ ውስጥ የሉም፤ ስላይዱ የያዘው አድራሻቸውን ብቻ ነው። ያ አድራሻ "ሲ ድራይቭ፣ ዴስክቶፕ፣ ሥልጠና፣ ቪዲዮ" ዓይነት ነገር ነው። ያንቺ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ቪዲዮውን ከሲዲው ስላገኘ ሳይሆን ከዴስክቶፕሽ ስለሚያመጣው ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ፎልደር ስሙን ቀይሪና ሲዲውን እንደገና ክፈቺ። እዚያው ላፕቶፕሽ ላይ ይጠፋል።

አሠልጣኟ፦
ስሙን ቀየርኩት፤ እውነትም ጠፋ! ግን ፓወርፖይንት ከ2010 ወዲህ ቪዲዮውን ራሱ ውስጥ ያስገባል ይባል የለ?

የቆየ መላሽ፦
የሰሙት ትክክል ነው። እስከ 2007 ድረስ ቪዲዮ ሁልጊዜ በሊንክ (በአድራሻው) ብቻ ነበር የሚገባው። ድምፅም ቢሆን ዌቭ ፋይል ካልሆነ ውስጥ አይገባም፤ ዌቩም ከ100 ኪሎባይት በላይ ከሆነ ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር ውጭ ይቀራል። ከ2010 ጀምሮ ግን ቪዲዮው ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ስላይዱን ከባዶ ነው የጀመሩት ወይስ የቆየ ፋይል ከፍተው ነው? የፋይሉ ስም መጨረሻ ፒፒቲ ነው ወይስ ፒፒቲኤክስ?

አሠልጣኟ፦
ድሮ ሰው የሠራው ስላይድ ነበር፤ እሱን እያስተካከልኩ ነው የሄድኩት። መጨረሻው ፒፒቲ ነው። ከላይ የፋይሉ ስም አጠገብ "ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ" የሚል ነገርም አለ።

የቆየ መላሽ፦
እንግዲያው እሱ ነው። ያ የድሮ ፎርማት ቪዲዮ በውስጡ መያዝ አይችልም። ፕሮግራሙ አዲስ ቢሆንም ፋይሉ አሮጌ ስለሆነ በድሮው ሕግ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ፋይል፣ ኢንፎ ገብተው "ኮንቨርት" የሚለውን ይጫኑ፤ ወደ ፒፒቲኤክስ ይቀየራል። ከዚያ እዚያው ኢንፎ ላይ በቀኝ በኩል ወደ ታች "ኤዲት ሊንክስ ቱ ፋይልስ" የሚል ያገኛሉ። ሲከፍቱት የውጭ ፋይሎቹ በሙሉ ከነአድራሻቸው ይዘረዘራሉ። እያንዳንዱን መርጠው "ብሬክ ሊንክ" ይበሉ። ስሙ ያስደነግጣል፣ ቪዲዮውን የሚቆርጥ ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ቪዲዮውን ጎትቶ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህን ሲያደርጉ ኦሪጅናሎቹ በአድራሻቸው መገኘት አለባቸው፤ የፎልደሩን ስም መጀመሪያ ወደነበረበት ይመልሱ። ለጥንቃቄ ደግሞ የፋይሉን ኮፒ ይያዙ። አልገባም የሚል ካለ እሱን ብቻ አጥፍተው ከኢንሰርት እንደገና ያስገቡት።

ቪዲዮ አቀናባሪ፦
ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ኤክስፖርት ውስጥ "ክሪኤት ኤ ቪዲዮ" የሚለውን ተጫኚና ሙሉ ስላይዱን ኤምፒ4 አድርጊው። ፓወርፖይንት በሌለበት ኮምፒውተርም ይከፈታል። ፊደል አይበላሽ፣ ሊንክ አይጠፋ።

የጥገና ሰው፦
ለማሠልጠኛ አይሆንም እኮ። አሠልጣኝ ስላይድ ላይ ቆም ብሎ ጥያቄ ይመልሳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቪዲዮ ሲሆን እያንዳንዱ ስላይድ በተቀመጠለት ሰከንድ ያልፋል፤ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ፖዝ ፍለጋ ልትሮጥ ነው። ያለ አሠልጣኝ ቤቱ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከሆነ ግን ያንተ ሐሳብ ይሻላል።

አሠልጣኟ፦
በክሊክ ነው የማስተላልፈው፤ ስለዚህ ስላይዱን ነው የምፈልገው። ሊንኮቹን በሙሉ ብሬክ አደረግኩ፣ ፋይሉም በጣም ተለቀ። አሁን ሌላው ኮምፒውተር ላይ ማብራሪያው ይሰማል፣ ቪዲዮዎቹም ይሠራሉ። በስልኬ የቀዳሁት አንዱ ግን ድምፁ እየተሰማ ሥዕሉ ጥቁር ነው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ሲከፈት ደግሞ ጥርት ብሎ ይታያል።

ቪዲዮ አቀናባሪ፦
ስልክሽ በኤችኢቪሲ እየቀዳ ይሆናል፤ አዳዲስ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ይህን ኮዴክ (ቪዲዮ የሚታመቅበትንና የሚፈታበትን ዘዴ) ይጠቀማሉ። ቪኤልሲ የራሱን ኮዴክ ይዞ ስለሚዞር ሁሉን ይከፍታል። ፓወርፖይንት ግን ዊንዶውሱ ላይ ያለውን ነው የሚጠቀመው፤ እዚያ ከሌለ ጥቁር ነው። ስለዚህ "በቪኤልሲ ይሠራል" ማለት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ቪዲዮውን በእሱ ወደ ኤምፒ4 ቀይሪው፣ የሥዕሉ ኮዴክ ኤች.264፣ የድምፁ ኤኤሲ ይሁን። ከ2013 ወዲህ ላለ ፓወርፖይንት ከዚህ የሚሻል የለም። መጠኑንም በ720 አውጪው፤ ለፕሮጀክተር ይበቃል።

የዲስክ ሰው፦
ስለ ሲዲው ራሱ ማንም አላነሳም። ዊንዶውስ ባዶ ዲስክ ሲገባ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፦ አንዱ እንደ ፍላሽ መጠቀም፣ ሁለተኛው ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ። ሁለተኛውን ምረጪ። የመጀመሪያው ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ በተለይ የቆየ ከሆነ፣ አልነበብም ሊል ይችላል። ሲዲ 700 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው፤ ፋይልሽ ከተለቀ ዲቪዲ ያስፈልግሻል፣ እሱ እስከ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል።

ደግሞ በቀጥታ ከዲስክ አትክፈቺው። ዲስኩ ጥቂት ጊዜ ካልተነካ መሽከርከሩን ያቆማል፤ ስላይዱ ቪዲዮ ላይ ሲደርስ እስኪነሳ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ቪዲዮውም ይንተባተባል። ፎልደሩን ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርገሽ ከዚያ ክፈቺ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማስገቢያ ስለሌላቸው በፍላሽም አንድ ኮፒ ያዢ።

አሠልጣኟ፦
ቪዲዮውን በሃንድብሬክ ቀይሬ አስገባሁት፣ አሁን ይታያል! ዲቪዲ ላይም እንዳላችሁኝ አድርጌ ጻፍኩት፤ ከዴስክቶፕ ሲከፈት አይቆምም። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የአማርኛ ርዕሶቹ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ነው የሚመጡት። ከሥር ያለው ጽሑፍ ግን ደህና ነው።

የቆየ መላሽ፦
ርዕሶቹ ከድሮው ስላይድ የቀሩ ናቸው መሰለኝ። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ተጽፈው ይሆናል፤ እነሱ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርፅ የሚያሳዩ ናቸው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ከሥር ያለውን ላቲን ያወጣዋል። ርዕሶች ጥቂት ስለሚሆኑ በዩኒኮድ እንደገና ይተይቧቸው፣ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኢብሪማ ያድርጉት። ከዚያ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ገብተው ከታች "ኤምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል" ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ስለሆነ ሁሉም ዘንድ አይገኝም። ሴቭ ካደረጉ በኋላ እንደገና በርን ማድረጉን አይርሱ፤ ዲቪዲው ላይ ያለው የቀድሞው ነው።