ማንነቷ ያልታወቀች ሟች ልጅ ከጠፋች ልጅ ጋር ትመሳሰላለች ብለን ስናስብ ምን እናስቀድም?

ጥያቄ (ከ«ጀማሪ ቡድን»)

ጤና ይስጥልኝ። እኛ የምርመራ ሙያ የሌለን ጥቂት ጓደኛሞች ስንሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የአንዲት ወጣት ጉዳይ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ ሰነዶች እየተከታተልን እንገኛለን። ልጅቷ በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ተገድላ አውራ ጎዳና ዳር የተገኘች ሲሆን፣ የጊዜው የአስከሬን ምርመራ ዕድሜዋን ከ15 እስከ 19 ገምቶ፣ ቁመቷንና የጸጉሯን ቀለም መዝግቦ አልፏል፤ የእኔ ናት የሚል ሰው ስላልመጣም ስም አልባ መቃብር ውስጥ ተቀብራለች። ኔምአስ በሚባለው የጠፉና ማንነታቸው ያልታወቁ ሰዎች ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ የራሷ ገጽ አላት፤ ሠዓሊ የሠራው የፊት ምስልም ተያይዟል።

በቅርቡ ከጠፉት ዝርዝር ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ አየንና ፎቶግራፏን ከምስሉ ጎን ብናስቀምጠው ሁላችንም ደነገጥን። ይሁን እንጂ ይህች ልጅ የጠፋችው አስከሬኑ ከመገኘቱ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ቁመቷም በአምስት ሴንቲ ሜትር ያንሳል። እነዚህ ልዩነቶች ግምታችንን ውድቅ ያደርጉታል ወይ? ግምቱንስ የምናቀርበው ለማን ነው? ከመካከላችን አንዱ የጠፋችውን ልጅ ወንድም በማኅበራዊ ሚዲያ ስላገኘው እንጻፍለት ይላል፤ ሌሎቻችን ግን ፈርተናል። በዲኤንኤ በኩል እኛ ማድረግ የምንችለው ነገር ካለም ብትጠቁሙን ደስ ይለናል።

መልስ (ከ«አጥንት አንባቢ»)

ከምስሉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ልቡ የሚሸፍተው እዚያ ላይ ነውና። ምስሉ የተሠራው ከራስ ቅል ብቻ ከሆነ፣ ሠዓሊው በእርግጠኝነት የያዘው የጉንጭ አጥንትን ስፋት፣ የመንጋጋን ቅርጽና የዓይን ጉድጓዶችን አቀማመጥ ያህል ነው፤ የአፍንጫ ጫፍ፣ ከንፈር፣ ጆሮና የፊት ሙላት በአመዛኙ ግምት ናቸው። አስከሬኑ ሳይፈርስ ተገኝቶ ከሬሳ ክፍል ፎቶግራፍ የተሠራ ምስል ከሆነ ግን የተሻለ ክብደት ይሰጠዋል። ስለዚህ ምስሉ ከምን እንደተሠራ ሳታውቁ መመሳሰሉን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት። በመቶ የሚቆጠሩ የወጣት ሴቶችን ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው አንዷን እንኳ ከምስሉ ጋር ሳያመሳስል አይቀርም።

የቁመቱ ልዩነት ብዙም አያስጨንቅም። ከረጃጅም አጥንቶች የሚሰላ ቁመት ራሱ ወደ ላይም ወደ ታችም የሴንቲ ሜትሮች ልዩነት ይፈቀድለታል፤ በጠፉ ሰዎች መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁመትም አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ በትዝታ የተናገረው ነው፤ የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ በዓመት ውስጥ ልታድግ ትችላለች። በዕድሜው ላይ ግን ጠበቅ በሉ። ግምቱ የተሰጠው በዓይን ነው ወይስ በራጅ? የመንጋጋ ማብቂያ ጥርስ ሥር ምን ያህል እንደተሟላ፣ የአጥንት ጫፎች ከአጥንቱ ግንድ ጋር ተዋሕደው እንደሆነ ታይቷል ወይ? የብርት አጥንት (ከአንገት ሥር ትከሻን ከደረት የሚያያይዘው) ወደ ደረት ያለው ጫፍ ከሁሉም ዘግይቶ የሚገጥም በመሆኑ ልጅን ከጎልማሳ ለመለየት ብዙ ይረዳል። በ1968 ኬንታኪ ውስጥ በድንኳን ሸራ ተጠቅልላ የተገኘችው፣ «የድንኳኗ ልጅ» የተባለችው ሟች ከ16 እስከ 19 ዓመት ተገምታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በታዳጊነት ስትፈለግ ቆይታለች። በ1998 ማንነቷ ሲረጋገጥ ግን የ24 ዓመት ባለትዳርና የልጆች እናት ሆና ተገኘች። ግጥሚያውን በኢንተርኔት ላይ ያገኘው ቶድ ማቲውስ እንደ እናንተው ሙያው ሌላ የነበረ፣ በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበር።

ለናንተ ጉዳይ ሚዛን የሚደፋው ጥርስ ነው። የጠፋችው ልጅ ከመጥፋቷ በፊት የተነቀለ ወይም የተሞላ ጥርስ እንደነበራት ከሐኪሟ መዝገብ ከታወቀና አስከሬኑ ላይ ያው ጥርስ ሙሉና ያልተነካ ከሆነ ነገሩ አበቃ፤ የተነቀለ ቋሚ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ አስከሬኑ ላይ የሚታየው ተጨማሪ ሙሌት ከጠፋች በኋላ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

መልስ (ከ«መዝገብ አገላባጭ»)

ማንኛውንም ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በኔምአስ ገጿ ላይ ያለውን የተገለሉ ሰዎች ዝርዝር አንብቡ። እሷ እንዳልሆኑ አስቀድሞ የተረጋገጠላቸው የጠፉ ሰዎች ስም እዚያ ይሰፍራል፤ ይህን ሳያዩ በመላክ የመርማሪን ጊዜ የሚያባክኑ ብዙ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ ስሟ አለመኖሩ ግን እሷ ናት ማለት አይደለም፤ የሚያሳየው ማግለሉ እዚያ አለመመዝገቡን ብቻ ነው።

የአንድ ዓመቱ ክፍተት እኔን አያስደነግጠኝም። በዚያ ዘመን ከቤት የወጣች ታዳጊ «ኮብልላለች» ተብላ በቀላሉ ትታለፍ ነበር፤ በሌላ ግዛት ወራትን ወይም ዓመታትን ኖራ ሊሆን ይችላል። የኤፍቢአይ የወንጀል መረጃ ማዕከል ሥራ የጀመረው በ1967 ቢሆንም፣ የጠፉ ሰዎች ፋይል የተከፈተው በ1975፣ ማንነታቸው ያልታወቁ አስከሬኖች ፋይል ደግሞ በ1983 ነው። ፖሊስ የጠፋ ልጅን ሪፖርት ለመቀበል ቤተሰብን ቀናት እንዳያስጠብቅ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1990 ነው። ስለዚህ የናንተዋ ሟች በጭራሽ ሪፖርት ያልተደረገላት ልትሆን ትችላለች፤ ፍለጋችሁን በመዝገቡ ላይ ባሉት ስሞች ብቻ አትገድቡት።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ በኅዳር 1979 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ካሌዶንያ አጠገብ ከበቆሎ ማሳ ውስጥ በጥይት ተገድላ የተገኘችው ልጅ ናት። ቀይ ጃኬት ለብሳ ነበር፤ ገላዋ ላይ ደግሞ በዚያ ብርድ ወር የዋና ልብስ የተወው የጸሐይ ምልክት ይታይ ነበር፤ ከሞቃት አገር መምጣቷን ያመለከተው ይኸው ነው። ከዓመታት በኋላ ከልብሷ ላይ የተገኘው የአበባ ብናኝ ሲመረመርም እንደ ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ ያሉ ቦታዎችን ጠቆመ። ሆኖም መጥፋቷ በይፋ የተመዘገበው በ2014 ብቻ ነበር፤ ያውም የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ስትፈልጋት ሪፖርት የሚባል ነገር አለመኖሩን ስለደረሰችበት ነው። ምዝገባው በወጣ በሳምንታት ውስጥ መዝገቡን የሚከታተል አንድ በጎ ፈቃደኛ ሠዓሊ ግጥሚያውን አየ፤ የእናቷ ልጅ በሰጠችው ዲኤንኤ በ2015 ተረጋገጠ። የፍሎሪዳ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋም 16።

በዚህ ምክንያት አዲስ የሚገቡ የጠፉ ሰዎች ምዝገባዎችን በየወሩ መመልከት፣ የቆዩትን ደጋግሞ ከማገላበጥ ይልቅ ይጠቅማል እላለሁ። ጋዜጣ ስታነቡም አስከሬኑ በተገኘበት ሳምንት የወጣውን የአካባቢውን እትም አስቀድሙ፤ የልብሱና የጌጡ ዝርዝር በኋላ ከተጻፉት ዘገባዎች ይልቅ እዚያ የተሟላ ሆኖ ይገኛል። ያነበባችሁትን ሁሉ ከየት እንዳገኛችሁት ጎኑ ላይ ጻፉ፤ አለበለዚያ ከሦስተኛ ሰው የተቀዳ ስሕተት ከፖሊስ መግለጫ ጋር ይቀላቀልባችኋል።

መልስ (ከ«የቀድሞ መርማሪ»)

ለወንድሟ እንዳትጽፉ። ይህን በጥብቅ የምናገረው ለሥነ ሥርዓት ስል ብቻ አይደለም። ጉዳዩ ያልተዘጋ ግድያ ነው፤ ግምታችሁ ልክ ከሆነ ያ ሰው ምስክር ነው፤ ማን ምን እንደሚያውቅ ሳይታወቅም ከመርማሪ በፊት ዝርዝሩን የሰማ ምስክር ቃሉ ይበላሻል። ግምታችሁ ልክ ካልሆነ ደግሞ አርባ ዓመት ሲጠብቅ ለኖረ ቤተሰብ እህትህ ሞታለች የሚል ወሬ አድርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ጓደኛችሁ በቅን ልቦና እንደሚያስብ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም መርዶ የማያውቁት ሰው በጽሑፍ የሚልከው ነገር አይደለም።

የምታቀርቡት ጉዳዩን ለያዘው የፖሊስ ወይም የአስከሬን መርማሪ ቢሮ ነው፤ የሚመለከተው አካል በኔምአስ ገጽ ላይ ተጠቅሷል። ብቻችሁን መላክ ካስፈራችሁ ዶ ኔትወርክ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት የሚቀርቡለትን ግጥሚያዎች በራሱ ቡድን መዝኖ ነው ለፖሊስ የሚያስተላልፈው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሁለቱንም የመዝገብ ቁጥር ከላይ አድርጉና የሚገጥመውንም የማይገጥመውንም በግልጽ ጻፉ፤ የቁመቱንና የአንድ ዓመቱን ልዩነት ራሳችሁ ካነሳችሁት አንባቢው ያምናችኋል። «አገኘናት» አትበሉ፤ «ይህች ልጅ ተነጻጽራ ታውቃለች ወይ? የጥርስ መዝገቧ ወይም የቤተሰቧ ዲኤንኤ በእጃችሁ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ አንድ መርማሪ ፋይል ከፍቶ በአጭር ጊዜ የሚመልሰው ስለሆነ ከረጅም ትንተና ይልቅ መልስ የማግኘት ዕድል አለው።

የጠያቂው ተጨማሪ ማብራሪያ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። የተገለሉትን ዝርዝር አይተናል፤ ልጅቷ የለችበትም። ምስሉ ከሬሳ ክፍል ፎቶግራፍ የተሠራ መሆኑን ከአካባቢው ጋዜጣ አረጋገጥን። ገጹ የጥርስ መረጃ እንዳለ ይናገራል፤ የጣት አሻራ መወሰዱንም ይገልጻል። ዲኤንኤን በተመለከተ ግን ምንም አልተጻፈም። ለወንድሟ ላለመጻፍ ሁላችንም ተስማምተናል።

መልስ (ከ«ሐረግ ቆጣሪ»)

ዲኤንኤ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚምታቱ ለይቼ ላስረዳ። የመጀመሪያው በፖሊስ ቋት ውስጥ ያለው ነው፤ በአሜሪካ ከ2017 ወዲህ 20 ዋና ጠቋሚ ቦታዎችን ይመለከታል፤ ጥቅም ላይ የሚውለው ሟቿን ከቅርብ ዘመድ፣ ማለትም ከእናት፣ ከአባት ወይም ከወንድምና እህት ናሙና ጋር ለማስተያየት ነው። እናንተ እጩ፣ ማለትም ትሆናለች ብላችሁ የገመታችኋት ልጅ ስላለች የሚያስፈልጋችሁ ይኸኛው ነው። ሁለተኛው የዘር ሐረግ ምርመራ ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን አንብቦ ሩቅ ዘመዶችን ይፈልጋል፤ ምንም እጩ በሌለበት ጊዜ ጠቃሚነቱ የጎላ ነው። ለምሳሌ አንደኛ ደረጃ የአጎት ልጅ በአማካይ 870 ሴንቲሞርጋን (የጋራ ዲኤንኤ መጠን የሚለካበት አሐድ ነው) ያህል ሲጋራ፣ ሦስተኛ ደረጃ የሆነው 73 ገደማ ብቻ ይጋራል፤ ከዚያች ትንሽ ቁራጭ ተነሥቶ የቅድመ አያቶችን ዛፍ መገንባት ነው ሥራው።

በሁለቱም ናሙናው የሚገኘው ከመርማሪው ቢሮ እጅ ነው፤ ከውጭ ያለ ሰው የሟችን ናሙና ማስመርመር አይችልም። ከዚህ በተጨማሪ ትልልቆቹ የግል ኩባንያዎች አንሰስትሪና 23ኤንድሚ ለዚህ ዓይነት ፍለጋ በራቸውን ዝግ ስላደረጉ፣ ሥራው የሚካሄደው በዋናነት ጄድማችና ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ በሚባሉት የዘር ሐረግ ቋቶች ላይ ነው። ከ1981 ጀምሮ ኦሃዮ ውስጥ በለበሰችው የአጋዘን ቆዳ ጃኬት ስትጠራ የኖረችው ወጣት በ2018 ስሟ የተመለሰላት፣ ዲኤንኤ ዶ ፕሮጀክት የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን በዚህ መንገድ ስለሠራ ነው፤ ዕድሜዋ 21 ነበር፤ እናቷም ልጄ ትመጣ ይሆናል በሚል ተስፋ ቤቷንና የስልክ ቁጥሯን ሳትቀይር ቆይታ ነበር። በ1980 ቴክሳስ፣ ሃንትስቪል የተገኘችው ልጅም በ2021 በተመሳሳይ ዘዴ ታውቃለች፤ 14 ዓመቷ ነበር። ቢሮው ናሙና ከሌለው መቃብር ማስቆፈር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለዚያም ፈቃድና ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንዳንዴ መቃብሩ ራሱ የት እንዳለ ይጠፋል። ስለዚህ በደብዳቤያችሁ ውስጥ «የዲኤንኤ ናሙና ተጠብቆ ይገኛል ወይ?» የሚለውን አንድ መስመር ጨምሩበት።

መልስ (ከ«አጥንት አንባቢ»)

የጣት አሻራ መኖሩን ስትጽፉ ደስ አለኝ። በ1971 ፍሎሪዳ፣ ፓናሶፍኪ ሐይቅ ውስጥ የተገኘችው ወጣት በአጥንቷ ላይ በተደረገ የኬሚካል ምርመራ ከግሪክ የመጣች ሳትሆን አትቀርም ተብሎ ብዙ ተጽፎ ነበር። በ2025 ስሟን ያስገኘው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ፋይል ውስጥ የነበረው አሻራ በዘመናዊ ሥርዓት እንደገና መፈለጉ ነው፤ የ21 ዓመት አሜሪካዊት ነበረች። የናንተ እጩ የ16 ዓመት ልጅ በመሆኗ አሻራዋ በየትኛውም ቋት ላይኖር ይችላል፤ ያም ሆኖ አሻራው በቅርብ ዓመታት እንደገና ተፈልጎ እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም።

መልስ (ከ«የቀድሞ መርማሪ»)

አንድ ነገር ልጨምር። የወንድምየው ጉዳይ የሚፈታው በመርማሪው በኩል ነው፤ ቢሮው ግምቱን ካመነበት የቤተሰቡን ናሙና የሚጠይቀው ልጅቷ በጠፋችበት አካባቢ ያለው ፖሊስ ይሆናል። ደብዳቤውን የላካችሁበትን ቀንና የተቀበለውን ክፍል መዝግቡ፤ ጥቂት ወራት ጠብቃችሁ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና አስታውሱ። በዚያ መሐል የእጩዋን ስም በየትኛውም የሕዝብ ገጽ ላይ አታውጡ፤ ወንድሟ ከእናንተ ሳይሰማ ከዚያ ሊያነበው ይችላልና።