የዩኤስቢ ኬብል ሲነቀል ሳይሆን ፕሮግራሙ ሲዘጋ ከርነሉ ለምን ይወድቃል?

ሽቦ ነካሽ

ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የቡና መጋዘን ሚዛን የሊኑክስ ድራይቨር (ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከሚዛኑ ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም) እየጻፍኩ ነው። ሚዛኑ በዩኤስቢ ይገናኛል፣ ግን የራሱ ፕሮቶኮል ስላለው የተለመደው የሲሪያል ድራይቨር አያነበውም። ንባቡ ጥሩ ነው። ያስቸገረኝ ኬብሉ ነው። ጆንያ ተሸክሞ የሚያልፍ ሁሉ እየረገጠ ይነቅለዋል።

ሲነቀል ምንም አይሆንም። ቆይቼ የመመዘኛውን ፕሮግራም ስዘጋው ነው ከርነሉ ኡፕስ (የከርነል ስህተት መልእክት) ብሎ የሚወድቀው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይሆን ያልፋል። ስለብ ዲበግን (የሜሞሪ መዳቢውን ስህተት መፈለጊያ) ከፖይዝን (የተለቀቀን ሜሞሪ በምልክት መሙያ) ጋር አብርቼ ሳስነሳው ግን ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ሎጉ ላይ ሬጂስተሩ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ እያለ ይሞላል። ዲስኮኔክት (ሲነቀል የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ ዩአርቢውን (ለሚዛኑ የተላከውን የዩኤስቢ ጥያቄ) በዩኤስቢ ኪል ዩአርቢ አስቆማለሁ፣ ከዚያ ስትራክቱን (የሚዛኑን መረጃ የያዘውን ሜሞሪ) በኬፍሪ እለቃለሁ። ሌላ ምን ቀረ? ከሚዛኑ በየግማሽ ሰከንዱ ክብደት የሚጠይቅ ዲሌይድ ወርክም (ቆይቶ የሚሠራ የቀጠሮ ሥራ) አለኝ፣ ምናልባት ከጠቀመ።

ቆፋሪው

6ቢ ካየህማ ሌባው ተይዟል ወንድሜ። ስለብ የተለቀቀ ሜሞሪን የሚሞላው በዚያ ነው። ድራይቨርህ የለቀቀውን ነገር መልሶ እያነበበ ነው። ያለ ዲበግ አንዳንዴ የሚያልፍልህ ቦታውን ሌላ እስኪወስደው የድሮው ይዘት ስለሚቆይ ነው። እኔ እሱን ከመውደቁ በላይ እፈራዋለሁ፤ የሌላ ዳታ ላይ ጽፈህ ሳታውቀው ትቀራለህ።

ኬብሉ ስለተነቀለ ፕሮግራሙ ሚዛኑን የሚያነብበት ፋይል አልተዘጋም። ኦፕን (ፋይሉ ሲከፈት የሚጠራው) ላይ የስትራክቱን ፖይንተር (አድራሻ) ፋይሉ ፕራይቬት ዳታ ውስጥ አስቀምጠሃል አይደል? ዲስኮኔክት ስትራክቱን ለቀቀ። ፕሮግራሙ ግን ቤቱ ፈርሶበት ቁልፉን ኪሱ ይዞ እንደሚዞር ተከራይ ነው። ሲዘጋ ሪሊዝ ይጠራል፣ ሪሊዝ ሄዶ የሌለ ሚውቴክስ (አንድ በአንድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ) ይቆልፋል።

ኬሬፍ (የተጠቃሚ ቆጣሪ) ተጠቀም። ፕሮብ (ሚዛኑ ሲሰካ የሚጠራው) ላይ አንድ፣ በየኦፕኑ አንድ ትጨምራለህ። ዲስኮኔክትም ሪሊዝም የየራሳቸውን ይቀንሳሉ። ኬፍሪ የሚጠራው የመጨረሻው ሲወጣ ብቻ ነው። ከርነሉ ሶርስ ውስጥ ዩኤስቢ ስኬልተን የሚባለው ናሙና ድራይቨር ይህንኑ ነው የሚያደርገው፣ እሱን አንብበው። ዲስኮኔክት ውስጥ መጀመሪያ ዩኤስቢ ዲሬጂስተር ዴቭን ጥራ፤ ከእሱ በኋላ አዲስ ኦፕን አይገባም። ቀጥሎ በሚውቴክስ ውስጥ «ተነቅሏል» የሚል ፍላግ አንሳ። ሪድ ፍላጉን ሲያይ ኢኖዴቭ («ዕቃው የለም» የሚል ስህተት) ይመልስ።

አደራ፣ ዴቭኤም ኬዜድአሎክ (ራሱ የሚለቀቅ ሜሞሪ መመደቢያ) ያድነኛል እንዳትል። እሱም ዲስኮኔክት እንዳለቀ ይለቀዋል፣ ስለ ክፍት ፋይልህ አያውቅም።

የዶሮ ማነቂያዋ

ቆፋሪው የፋይሉን ጉዳይ ጨርሶታል። ያ ዲሌይድ ወርክ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ወርኩ ዩአርቢ ይልካል፣ የዩአርቢው ኮምፕሊሽን (ዩአርቢው ሲያልቅ የሚጠራው ፈንክሽን) ወርኩን መልሶ ይቀጥራል ብዬ ልገምት? እንደዚያ ከሆነ አንዱን ስታቆም ሌላው ይቀሰቅሰዋል። በኪል ፈንታ ዩኤስቢ ፖይዝን ዩአርቢ አድርገው። እሱም የተጀመረው ኮምፕሊሽን እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ያን ዩአርቢ መላክ አይቻልም፣ ኢፐርም («አልተፈቀደም» የሚል ስህተት) ይመለሳል። ከእሱ ቀጥሎ ካንስል ዲሌይድ ወርክ ሲንክ (ወርኩን ሰርዞ እስኪያልቅ የሚጠብቀው) ጥራ። ወርኩ የሚቆልፈውን ሚውቴክስ ራስህ ይዘህ ካንስል እንዳትጠራ ብቻ፣ ሁለታችሁም ተፋጥጣችሁ ትቀራላችሁ።

ደግሞ በ6ቢ ከመገመት ካሳንን (የከርነሉን የሜሞሪ ስህተት አጋላጭ) አብራ። በፈረንጆች ከ2015 ጀምሮ፣ ከ4.0 ወዲህ፣ ከርነሉ ውስጥ አለ። ማን እንደነካው፣ ማን እንደመደበው፣ ማን እንደለቀቀው፣ ሦስቱንም ከነስታካቸው (ከነፈንክሽን ጥሪ ሰንሰለታቸው) ያወጣልሃል። የተለመደው ዓይነቱ ከሜሞሪህ አንድ ስምንተኛውን ይወስዳል፣ ማሽኑንም ያዘገያል። ለሙከራ ምን አለበት?

ለሙከራ ሁሌ ኬብል አትንቀል። ፕሮግራሙ እያነበበ ሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ዕቃዎቹን በፋይል የሚያሳይበት ማውጫ) ውስጥ ድራይቨርህ ስር ወዳለው አንባይንድ (ድራይቨሩን ከዕቃው ማላቀቂያ) ፋይል የኢንተርፌሱን ስም፣ ለምሳሌ 1-2:1.0፣ ጻፍበት። ዲስኮኔክት ይጠራል። በሉፕ አድርገህ ቡናህን ጠጣ። መጨረሻ ላይ ግን በእጅህም ንቀለው፤ ሲነቀል ሀቡ (ኬብሉ የሚሰካበት የዩኤስቢ መገናኛ) እስኪያውቅ ድረስ ዩአርቢዎቹ በኢፕሮቶ (የፕሮቶኮል ስህተት)፣ በቁጥር -71፣ ይመለሳሉ። አንባይንድ ያንን አያሳይህም።

ሽቦ ነካሽ

እግዜር ይስጥልኝ። ኮምፕሊሽኑ እንዳልሽው ነው እህቴ፣ ወርኩን መልሶ ይቀጥራል። ኬሬፉንም ፖይዝኑንም አስገባሁ፣ ካሳን ዝም አለ። አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ሪድ እየጠበቀ ሳለ ኬብሉን ስነቅል ፕሮግራሙ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ፍላሽ ብሰካ እንኳ አይታይም። ቆይቶ ሎጉ ላይ አንድ ታስክ ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዷል ይላል።

ቆፋሪው

ሪድህ ሚውቴክሱን እንደያዘ ነዋ የሚተኛው። ዲስኮኔክት ያንኑ ሚውቴክስ ይጠብቃል። ዲስኮኔክት ደግሞ የሚሮጠው በዩኤስቢ ሀብ ወርክ ኪው (የሥራ ወረፋ) ላይ ስለሆነ እሱ ሲታገድ አዲስ የሚሰካውን የሚቀበል የለም። ፍላሽህ ምንም አላጠፋም።

ከመተኛትህ በፊት ሚውቴክሱን ልቀቅ። የዌይት ኢቨንት (ተኝቶ መጠበቂያው) ኮንዲሽን ላይ «ዳታ መጣ ወይም ተነቅሏል» በል። ዲስኮኔክት ፍላጉን ካነሳ በኋላ ዌክ አፕ (የተኛውን ማንቂያ) ይጥራ፣ ከፍላጉ በፊት አይሁን። ስትነቃ ሚውቴክሱን መልሰህ ያዝና ፍላጉን እንደገና ፈትሽ።