የሃይስኩል ኮሜዲ ለምን አይሰለችም? ጅማ ላይ ስንሠራውስ ምኑ ይበላሻል?

የአዌቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ ጥቂት ሆነን የ50 ደቂቃ ኮሜዲ እየጻፍን ነው። ዘመኑ ሰኔ 1999 ዓ.ም.፣ ባለታሪኮቹ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ቦታው አንድ ትምህርት ቤትና ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ያለው ሰፈር። ያለን አንድ ካሜራና ሁለት ማይክ ነው፤ ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የአሜሪካ የሃይስኩል ኮሜዲዎች ሠላሳና አርባ ዓመት አልፏቸውም አሁንም ይታያሉ። እኛ ጋ ፕሮም (የሃይስኩል ማጠናቀቂያ የጭፈራ ምሽት) የለም፣ መኪና እየነዳ ትምህርት ቤት የሚመጣ ተማሪ የለም፤ ሆኖም እንወዳቸዋለን። ምናቸው ነው የሚይዘን? ያንን ይዘን ወደ ጅማ ስንመጣስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው?

ባለ ስክሪፕት፦
መጀመሪያ ሁለቱን ዓይነት ለዩ። አንደኛው ሲሠራም ወደ ኋላ እያየ የተሠራ ነው። የጆርጅ ሉካስ «አሜሪካን ግራፊቲ» በ1973 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የሚተርከው የ1962ን አንድ ሌሊት ነው። የሪቻርድ ሊንክሌተር «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» በ1993 ወጥቶ የሚተርከው ስለ 1976 ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስለ ራሱ ዘመን የተሠራና ዕድሜው ሲገፋ ትዝታ የሆነ ነው፤ የጆን ሂዩዝ «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» (1985) እንደዚያ ነው። እናንተ የያዛችሁት የመጀመሪያውን ነው። የ1999 ልጆች የማያውቁትን ተመልካቹ ያውቃል፤ ጉልበታችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሦስቱም ፊልሞች ውስጥ የሚይዘን ነገር ሰዓቱ ነው። አንዱ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ሲነጋ ኮሌጅ የሚሄድ ሰው አለ። አንዱ ትምህርት ከሚዘጋበት ቀን እስከ ማግስቱ ንጋት ነው። አንዱ ቅጣት ላይ የተቀመጡ አምስት ተማሪዎች የሚያሳልፉት አንድ ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ስለ ትንሽ ነገር ይጨነቃሉ፣ እኛ ደግሞ ነገ እንደሚበታተኑ እያወቅን እንስቃለን። «አሜሪካን ግራፊቲ» ሲያልቅ የአራቱ ወጣቶች መጨረሻ በጽሑፍ ይወጣል፦ አንዱ ሰካራም ሹፌር ገድሎታል፣ አንዱ ቬትናም ጦር ሜዳ ላይ ጠፍቷል። ያንን ካነበቡ በኋላ ፊልሙን ደግሞ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ቀልድ ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ሰው ደጋግሞ የሚያያቸው ለዚህ ይመስለኛል።

እናንተ ጋ ያለው ሰዓት ከፕሮም ይበረታል። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለት አንዱ መሰናዶ፣ አንዱ ቴክኒክና ሙያ፣ አንዱ ወደ ቤተሰቡ ሱቅ ማለት ነበር። ፈተናው ዛሬ ስለሌለ ወጣቱ ተመልካች እንደ ታሪክ ያየዋል፣ የተፈተነው ደግሞ ሆዱ ይገለባበጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ወረቀት ሲሰበሰብ ጀምሩና ማግስቱ ሲነጋ ጨርሱ። ዋና ገጸ ባሕሪ ከአምስት አይብለጥ። እያንዳንዱ ከመምሸቱ በፊት መፈጸም ያለበት አንድ ትንሽ ጉዳይ ይኑረው፦ የተዋሰውን ካልኩሌተር መመለስ፣ ኦቶግራፍ (ጓደኛሞች የሚጻጻፉበት የማስታወሻ ደብተር) ላይ የጻፈውን ልጅቷ ሳታነብ መቅደድ፣ ዩኒት ሊደሩ የወሰደበትን ኳስ ማስመለስ። ጉዳዩ ባነሰ ቁጥር ቀልዱ ይጠነክራል።

በተለምዶ የሚበላሸው ሁለተኛው አጋማሽ ነው። እስከ 25ኛው ደቂቃ ሲያስቅ ቆይቶ በድንገት በሽታ፣ ሀብታም አባት፣ የመኪና አደጋ ይገባበታል። ኀዘኑን ተመልካቹ ራሱ ይዞት ስለሚመጣ እናንተ አትጨምሩበት። ርዝመቱን በተመለከተ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚባለውን አትመኑት። በፈጣን ንግግር የተሞላ የአማርኛ ገጽ ከ40 እስከ 45 ሰከንድ ሊያልቅ ይችላል። ሁላችሁም ተቀምጣችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሰዓት አንብቡት።

ጥቁር ሰሌዳ፦
በሰዓቱ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። የሥነ ልቦና ሰዎች ደጋግመው እንዳዩት አዋቂ ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜው መካከል ያለውን ከሌላው በበለጠ ያስታውሳል። የመጀመሪያ ነገሮች የተከማቹት እዚያ ነው። ያልኖረበትን ዘመን የሚወድ ወጣት የሚያየው ደግሞ የክፍሉን ደረጃ ነው፦ ማን ከኋላ ይቀመጣል፣ ማን ሞኒተር ነው፣ ማን ማንን ያስኮርጃል። ይህ ጅማም ካሊፎርኒያም አንድ ነው። ስለዚህ የአቀማመጡን ካርታ በወረቀት ሥሩ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ወስኑ፣ ከዚያ አትቀያይሩት።

የዘመን ዕቃ፦
1999ን ከመረጣችሁ የሚከተሉት ላይ ተጠንቀቁ።

የስልክ አጭር መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ተቋርጦ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። በሰኔ 1999 ቴክስት የሚላላክ ተማሪ ከጻፋችሁ ያን ጊዜ የነበረ ሰው ሁሉ ይይዛችኋል። ለስክሪፕቱ ግን ጥቅም ነው፤ መልእክት በሚስኮልና በተጣጠፈ ወረቀት ይሂድ፤ ወረቀት ይጠፋል፣ በሰው እጅ ይወድቃል፣ ሌላ ሰው ያነበዋል። ብር ላይ ደግሞ የአንድ ብር ሳንቲም ያኔ አልወጣም ነበር፤ አንድ ብር ወረቀት ነው። በ2013 የተቀየሩት ኖቶችም በምንም መልኩ ፍሬም ውስጥ አይግቡ። የሚሊኒየሙ ዝግጅት ወሬ ግን ከየአፉ ይሰማ።

ፕላዝማውን (በየክፍሉ በቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረውን ትምህርት) አትዝለሉት። የሳተላይት ትምህርቱ ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ያህሉን ይወስድ ነበር፤ የክፍሉ መምህር የሚቀረው መግቢያና ማጠቃለያው ነው። ማያ ገጹ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ክፍሉ በሙሉ ጭጭ እንዳለ «በጣም ጥሩ፣ ልክ ናችሁ» ብሎ ይቀጥላል። ካሜራው መምህሩ ላይ ሳይሆን ሰባ ተማሪ ፊት ላይ ይሁን፤ ዝምታውንም ሳትቆርጡ ተዉት። እውነተኛውን ስርጭት ግን አትጠቀሙ፣ መብት አለበት። ባዶ ግድግዳ ፊት ራሳችሁ ቅረጹ።

ከሁሉ በላይ የማየው ስሕተት ዕቃን ማስረጀት ነው። ሰዎች ኦቶግራፉን ቡና ውሃ ውስጥ ነክረው ያጠወልጉታል። በ1999 ያ ደብተር አዲስ ነበር! ወረቀቱ ነጭ፣ ቀለሙ የሚያበራ ይሁን። በውስጡ በየገጹ የተለያየ ቀለም ቢክ፣ ከመጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ የኳስ ተጫዋች፣ «የምትወጂው ቀለም? የምትጠዪው ጸባይ? መሪ ቃል?» የሚሉ ጥያቄዎች፣ ጥግ ላይ ታጥፎ «እንዳትከፍቱ» የተባለ ማዕዘን ይኑር። ከውስጡ ደግሞ ቀልድ ብቻ። ለአንድ ደብተር ቢያንስ ስምንት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ስምንት ሰው አስጽፉ፤ አንድ ሰው እጁን እየቀያየረ ከጻፈው በቅርብ ቀረጻ ይታወቃል። ዩኒፎርምም እንደዚሁ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አዲስ ከለበሱ የማስታወቂያ ፊልም ይመስላል። ሦስት አራቱን ደጋግማችሁ እጠቡ፣ የአንዱ ክርን ይጣፍ፣ የአንዱ ሱሪ ይጠርበት።

የአዌቱ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ታሪኩ ውስጥ ዝናብ አለ፤ ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ታግተው የሚቀሩበት ረጅም ትዕይንት። በእውነተኛው ሰኔ ብንቀርጸው አይሻልም? ሙዚቃውንም በተመለከተ የዚያን ዘመን ዘፈኖች ማስገባት አስበናል።

ቀረጻና ድምፅ፦
በሰኔ አትሞክሩት። ጅማ ላይ ዝናቡ ሲጀምር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትቀዱት ንግግር አንድም አይሰማም። ዝናቡም በፈለጋችሁት ሰዓት አይቆምም፤ አንዱን ትዕይንት ከሁለት አቅጣጫ ለመቅረጽ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ በአንዱ ሾት ዝናብ፣ በሌላው ፀሐይ ይሆንባችኋል። በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቅዳሜና እሑድ ወይም በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ቅረጹና ዝናቡን ራሳችሁ አዝንቡት። የፕላስቲክ ቱቦ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እየበሳችሁ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከላይኛው ጠርዝ በላይ ስቀሉ። ሮቶውን ከፍ ባለ ማስቀመጫ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ ግፊት አይኖረውም። በደቂቃ 20 ሊትር ከፈሰሰ የ1,000 ሊትር ሮቶ 50 ደቂቃ ይበቃችኋል፤ ስለዚህ ልምምዱን በደረቁ ጨርሱ። መብራት ከዝናቡ በስተኋላ ወደ ካሜራው አቅጣጫ ካልመጣ ጠብታው በካሜራ አይታይም፤ ብዙዎች ከፊት አብርተው «ዝናቡ የት ሄደ?» ይላሉ። የኤሌክትሪክ ገመድ ከውሃው በሙሉ ይራቅ፤ ማያያዣው መሬት ላይ አይቀመጥ።

እውነተኛ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ማይክ ይዛችሁ ያንኑ ክፍል ባዶውን አምስት ደቂቃ ቅዱት። ከንግግሩ በታች የምትዘረጉት እሱን ነው። ንግግሩን ስትቀዱ ካሜራው በማያየው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ የሲሚንቶ ክፍል ያስተጋባል። ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ አለበለዚያ ፍሎረሰንቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ውጭ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30 እና ከ9፡30 በኋላ ቅረጹ። ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ስለሚሆን ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል።

አንድ የጅማ ጣጣ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ከቀረጻችሁ ቀይ ቡና የተሰጣበት አልጋ በየግቢው አለ። ታሪኩ ሰኔ ነው፤ ቡና የሚያውቅ ተመልካች ወዲያው ይለየዋል። ጥር መጨረሻ ከዚህ ያድናል፤ ግን ሳሩ ስለሚደርቅ ሜዳውን በሰፊው አታሳዩ።

የመብት ጉዳይ፦
ዘፈን ላይ ቆም በሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ872/2007 የተሻሻለው) እስካለ ድረስ የግጥሙ ደራሲ፣ የዜማው ደራሲ፣ ድምፃዊውና አሳታሚው እያንዳንዳቸው የሚሉት አላቸው። የደራሲው መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ከድምፃዊው ብቻ በቃል ፈቃድ ይዞ መግባት የተለመደው ወጥመድ ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ሲኒማ፣ ቴሌቪዥንና ዩቲዩብ በየስማቸው ይጠቀሱ። ሉካስ ከ777 ሺህ ዶላር ገደማ በጀቱ ወደ 90 ሺህ የሚጠጋውን ለዘፈን ነው ያወጣው፤ እንዲያም ሆኖ የኤልቪስ ዘፈን ማስገባት አልቻለም። ለእናንተ የሚያዋጣው በዚያ ዘመን ኪቦርድና የከበሮ ድምፅ አዲስ ዜማ ማሠራት ነው። አንድ ዘፈን አራት ቦታ ይመላለስ፦ ከሱቅ ሬዲዮ፣ ከሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ፣ ከተማሪ አፍ፣ መጨረሻ ላይ ሙሉው። ሲያልቅ ተመልካቹ ከድሮም የሚያውቀው ይመስለዋል።

ባለ ስክሪፕት፦
በቋንቋው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የጅማ ተማሪ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀለ ያወራል፤ እንዳለ ጻፉት። ግን በማንም አነጋገር አትሳቁ። የሂዩዝ «ሲክስቲን ካንድልስ» (1984 እ.ኤ.አ.) ዛሬ ሰው የሚያፍርበት አንዱ ነገር እስያዊውን ተማሪ መሳቂያ ማድረጉ ነው። የፊልሙ መሪ ተዋናይ ሞሊ ሪንግዋልድ ራሷ በ2018 እ.ኤ.አ. እነዚያን ፊልሞች መለስ ብላ በጽሑፍ ሞግታቸዋለች። እናንተ ጋ ግራ የሚጋባው አንዱን ቋንቋ የማያውቀው አዲስ መምህር ይሁን፤ ተናጋሪዎቹ ባለቤቶች ናቸው። የግርጌ ጽሑፍ ከሁለት መስመር፣ አንዱ መስመርም ከ28 ፊደል ባይበልጥ ይሻላል። መምህሩ ግራ በሚጋባበት ትዕይንት ላይ ብቻ ትርጉሙን አውጡት፤ አፋን ኦሮሞ የሚያውቀው ተመልካች ከሌላው ቀድሞ ይሳቅ።