«ለማሰብ ጊዜ የለም» ለሚሉት

ሰናይት፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መኮንን «ጦር ሜዳ ላይ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ወታደር የታዘዘውን ይፈጽማል፤ የሚጠየቀው አዛዡ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አወያዩ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳያነሣ አለፋቸው። ደሜ ፈላ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት «ታዝዤ ነው» ያሉት ምን እንደተፈረደባቸው ረሳነው ማለት ነው? ቃታውን የሳበው ጣት የአዛዡ አይደለም።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔም መለዮ ለብሼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መኮንኑ ልክ ናቸው። ጥይት ሲያፏጭ የሕግ መጽሐፍ አይገለጥም። እያንዳንዱን ትእዛዝ መርምሮ የሚቀበል ጦር አንድ ቀን አያድርም። ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ የተረፈው ተነሥ ስባል ለምን ሳልል ስለተነሣሁ ነው። መለዮ ያልለበሰ ሰው ይህን መፍረድ ይከብደዋል።

የሕግ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ያቺን «ጊዜ የለም» የምትል ቃል እንያዛት። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ወታደሮች ቬትናም ውስጥ «ማይ ላይ» በምትባል መንደር ያደረጉትን ያውቃሉ። ግድያው አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከመንደሩ የተተኮሰባቸው አልነበረም። ሴቶችንና ሕፃናትን ሰብስበው ወደ ቦይ ነድተው ፈጇቸው፤ ምሳቸውንም እዚያው በሉ። ለምሳ ጊዜ ከነበረ ለማሰብ እንዴት ጠፋ?

ጡረተኛው፦
ያ ውጊያ አይደለም፤ ጭፍጨፋ ነው። እኔ የማወራው ስለ ውጊያ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
እኛም የምንለው ይህንኑ ነው! «ታዝዤ ነው» የሚለው መከላከያ የሚቀርበው ለውጊያ አይደለም፤ በውጊያ ላይ የታጠቀ ጠላቱን የገደለ ወታደር ስለዚያ ፍርድ ቤት አይቆምም። የሚቀርበው ሁልጊዜ ለቦዩ ነው።

ሰናይት፦
አሜሪካዊው የሄሊኮፕተር አብራሪ ሂው ቶምፕሰንም እዚያው ነበር። ሄሊኮፕተሩን በራሱ ጦር ወታደሮችና በሚሸሹት ሰዎች መካከል አሳርፎ፣ ለሁለቱ ባልደረቦቹ «የእኛዎቹ በእነዚህ ሰዎች ላይ ከተኮሱ እናንተም ተኩሱባቸው» አላቸው። ግሌን አንድሪዮታ የሚባለው ባልደረባው ቦዩ ውስጥ ወርዶ በአስከሬን መካከል እየተራመደ በሕይወት ያለ ሕፃን አወጣ። ያው ቀን፣ ያው መለዮ።

በላይነህ፦
ከዚያስ ምን ሆነ? ቶምፕሰን ለዚህ ተግባሩ «ሶልጀርስ ሜዳል» የተባለው ሜዳሊያ የተሰጠው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እስከዚያ እንደ ከሃዲ ሲታይ፣ የግድያ ዛቻ ሲደርሰው ኖረ። የጥፋተኝነት ፍርድ የወረደበት በግድያው ቦታ ወታደሮቹን የመራው መኮንን ዊልያም ካሊ ብቻ ነው፤ የዕድሜ ልክ እስራቱም ወደ ጥቂት ዓመታት የቤት ውስጥ እስር ተለወጠ። የበላዩ የነበረው ሻምበል መዲና በነፃ ተለቀቀ። ስለዚህ የሬዲዮው እንግዳ «የሚጠየቀው አዛዡ ነው» ያሉት የቱን አዛዥ ይሆን? ተራው ወታደር ወደ አዛዡ ይጠቁማል፣ አዛዡ አላዘዝኩም ይላል፣ ሟቹ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጡረተኛው፦
እንግዲያው እውነቱን ተናገርክ። ሕጉ የሚበረታው በታችኛው ላይ ነው። እምቢ ያለውን ደግሞ የሚጠብቀው ጥይት ነው። እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጀግንነት ታዛላችሁ።

የሕግ ተማሪ፦
ይህ «ይረሸን ነበር» የሚባለው ነገር ሳይመረመር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1942 ፖላንድ ውስጥ ዮዜፎቭ በምትባል ከተማ አንድ የጀርመን የፖሊስ ሻለቃ ጦር አይሁዶችን እንዲፈጅ ሲታዘዝ፣ አዛዡ ራሱ «የማይችል ከሰልፉ ይውጣ» አለ። ወዲያው የወጡት ከአምስት መቶ ያህሉ ደርዘን ገደማ ብቻ ናቸው። አንዳቸውም አልተረሸኑም። የቀሩት ምን ፈርተው ቀሩ?

ጡረተኛው፦
ጓደኞቻቸውን! ፈሪ መባልን! ይህን ያልኖረ ሰው ቀላል ይመስለዋል።

ሰናይት፦
ቀላል ነው ያለ የለም። ደግሞም «መለዮ ያልለበሰ አይፍረድ» የሚለውን ቢተዉት ይሻላል፤ ቦዩ ውስጥ የተረሸኑት እናቶችም መለዮ አልለበሱም። የሚሞቱበትን ነገር መናገር አይችሉም?

ጡረተኛው፦
እሺ፣ ይህን ስሚኝ። አንድ ሌሊት ምርኮኛ ስጠብቅ አደርኩ። ያን ቀን ጠዋት የቅርብ ጓደኛዬን ቀብሬ ነበር። ሰውዬው እጁ ታስሮ ውኃ ለመነኝ። በእኔ ፈቃድ ቢሆን አልሰጠውም ነበር፤ ከዚያም የከፋ አስቤአለሁ። አዛዤ ግን «ይህ ሰው ነገ በሕይወት ካላገኘሁት አንተን እጠይቃለሁ» ብሎኝ ነበር። ውኃውን ሰጠሁት። ያተረፈው የእኔ ሕሊና ሳይሆን ትእዛዝ ነው። አሁን ሕሊና ከትእዛዝ ይበልጣል በይኝ።

በላይነህ፦
ይህ ከባድ ነገር ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ከባድ ነው፤ ነገር ግን ለእኛ ነው የሚመሰክረው። አዛዥዎ ያዘዙት እ.ኤ.አ. የ1949 የጄኔቫ ስምምነት ስለ ምርኮኞች አያያዝ የሚለውን ነው። «አንተን እጠይቃለሁ» ማለታቸውም ተራው ወታደር ይጠየቃል ማለት ነው፤ እርስዎን የገታዎት እርሱ ነው። «አትጠየቅም፣ እኔ አለሁ» ቢሉዎት ኖሮስ?

ጡረተኛው፦
አዛዡ ጥሩ ስለነበረ ነው። መጥፎ አዛዥ ቢደርሰኝ እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ? ስለ ምልመላውና ስለ ሥልጠናው ተናገሩ እንጂ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አትዝመቱ።

ሰናይት፦
ስለ ሥልጠናው አብረን እንጮኻለን። ለጥያቄው ግን አልመለሱም። «አትጠየቅም» ቢባሉ ኖሮ ያ ምርኮኛ ያድር ነበር ወይስ አያድርም?

ጡረተኛው፦
እርሱን ለአንቺ አልመልስም።

በላይነህ፦
ሰናይት፣ እዚህ ላይ እንኳን ይብቃሽ።

ሰናይት፦
ለምን ይብቃኝ? የሬዲዮው ሰውዬ ለሺዎች ወታደሮች «አትጠየቁም» ብለው ነው የሄዱት።