ከድርጅቶች ጋር ተባብሮ ተማሪዎችን በእውነተኛ ሥራ ማስተማር ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ በመማሪያ መጽሐፉ ያለውን ስሌት ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ያው ስሌት በሌላ መልክ ሲመጣባቸው ግን ግራ ይጋባሉ። ስለዚህ በአቅራቢያችን ካሉ ድርጅቶች ጋር ተስማምተን፣ ተማሪዎቹ ከድርጅቶቹ የዕለት ሥራ የተነሣ ችግር አጥንተው መፍትሔ እንዲያቀርቡ ለማድረግ አስበናል። ባለፈው ሴሚስተር ‹‹ትብብር ስለመጠየቅ›› የሚል ደብዳቤ ለአምስት ድርጅቶች ልከን መልስ የሰጡን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ያሉን ‹‹መጥታችሁ ጎብኙ›› ነው። እኛ የምንፈልገው ጉብኝት አይደለም። እንዴት ብንቀርባቸው ይሻላል? የተማሪዎቹንስ ሥራ በምን እንመዝነው?

መልስ፦ የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ
ደብዳቤውን ሳላነበው መፍረድ ባይገባኝም፣ ርእሱ ብቻውን ብዙ የሚናገር ይመስለኛል። ሥራ የበዛበት ኃላፊ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰው የሚታየው ተጨማሪ ሸክም ነው፤ ጉብኝት ደግሞ እንግዳን ሳያስቀይሙ መሸኛ ነው። በእኔ ልምድ ደብዳቤው ከንግግሩ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። በመጀመሪያ መምህሩ ራሱ ሄዶ ‹‹በየጊዜው የሚያስቸግራችሁ፣ ነገር ግን ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ያጣችሁለት ሥራ የቱ ነው?›› ብሎ ይጠይቅ።

አንድ የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ለዚህ ጥያቄ ‹‹አለ ያልነውን እናጣዋለን፣ የለም ያልነውን እናገኘዋለን›› ሲል መለሰልኝ። አራት ተማሪዎች መዝገቡን ከመደርደሪያው ጋር እያመሳከሩ ሲያዩ፣ አንድ ዓይነት ቡሎን በአንድ ገጽ በልኩ፣ በሌላው በመኪናው ዓይነት፣ በሦስተኛው ደግሞ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ባወጣለት ስም ተመዝግቦ አገኙት። ያቀረቡት መፍትሔ አንድ ወጥ የስም ዝርዝር ብቻ ነበር፤ ይሁን እንጂ እዚያ ለመድረስ የሠሩትን የልኬትና የምደባ ሥራ በክፍል ውስጥ ላሠራቸው ብል አልችልም ነበር።

አሠሪውም የሚጠቀምበት መሆኑ የቆየ መርሕ ነው። አሜሪካዊው የምህንድስና መምህር ኸርማን ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ በሚገኘው ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የትብብር ትምህርትን በ27 የምህንድስና ተማሪዎች ሲጀምር፣ ተማሪዎቹ አንዱን ሳምንት በክፍል፣ ቀጣዩን በፋብሪካ እንዲያሳልፉ አደረገ። እየተፈራረቁ ስለሚሠሩም አንዱ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ሌላው ይተካዋል፤ የፋብሪካው ሥራ አይቋረጥም።

መልስ፦ የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት
እኔ ከአሠሪው ወገን ነኝና ቅሬታዬንም ልናገር። ከአንድ ትምህርት ቤት ሦስት መምህራን በየተራ መጥተው ያንኑ ነገር ጠየቁኝ፤ ለሦስቱም ከሥር ጀምሬ አስረዳሁ። ተማሪዎቹ የመጡት ሒሳብ በምንዘጋበት በወሩ መጨረሻ ሲሆን፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ በዚያው ቀሩ። ሪፖርታቸው እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ አንድ ተጠሪ ብቻ ይመደብ፤ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን ከእኛ የሥራ ወቅት ጋር ተገናዝቦ ይወሰን፤ የደንበኞቻችን ስምና የዋጋ ዝርዝርም ከግቢ እንዳይወጣ አስቀድሞ እንስማማ። ከላይ ለተሰጠው ምክር አንድ ነገር ልጨምር፦ አስቸኳይ መልስ የሚፈልግ ችግር ለተማሪ አይሰጥም። ቢዘገይ ወይም ባይሳካ የማንጎዳበትን ነው የምንሰጣችሁ፤ ይህንንም ንቀት አድርጋችሁ እንዳታዩብን።

መልስ፦ የምዘና ባለሙያ
ድርጅቱ ሐሳቡን ተቀብሎ ሥራ ላይ ማዋሉ የውጤት መለኪያ መሆን የለበትም፤ ገንዘብ ወይም ፈቃድ ስለሌለ ብቻ ጥሩ ሐሳብ ሊቀር ይችላልና። የሚመዘነው ተማሪው ችግሩን እንዴት እንደተረዳ፣ መረጃውን እንዴት እንደሰበሰበና ሲሳሳት ምን እንዳስተካከለ ነው፤ ለዚህም ሳምንታዊ የሥራ ማስታወሻ ይያዝ። የድርጅቱ ሰው አስተያየት ይስጥ፣ ነጥብ የሚሰጠው ግን መምህሩ ይሁን። በመግባቢያ ሰነዱ ላይ የደኅንነት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ተማሪዎቹ በተቀጣሪ ሠራተኛ ቦታ ተተክተው እንዳይሠሩም ይገለጽ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልስ ከሰጡን ከሁለቱ የአንደኛውን ድርጅት ኃላፊ ለማነጋገር ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ደብዳቤ አልያዝኩም። ተማሪዎችን ይዤ ልሂድ ወይስ መጀመሪያ ብቻዬን ላነጋግራቸው?

መልስ፦ የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት
ሁለት ተማሪዎች ይዘው ይሂዱ፤ የሚጠይቁትንም ራሳቸው ጽፈው ይምጡ። እኔ ብሆን ከመምህሩ ይልቅ ለእነሱ ጊዜ እሰጥ ነበር።