ንጹሕ ሰው ለምን ይሠቃያል? ለወጣቶች ትምህርት የትኞቹን ምዕራፎች ልያዝ?

ወለተ ማርያም፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከ17 እስከ 22 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች የአራት ሳምንት ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል አለን። ርእሱ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ስለሚደርስበት መከራ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምራሉ የሚል ነው። ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ በወረቀት አስገብተዋል፤ ከባዶቹ እነዚህ ናቸው።

በዮሐንስ 9 ጌታ ስለ ዕውሩ ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ይላል። በዮሐንስ 5፥14 ግን የተፈወሰውን መጻጉዕ ከዚህ የሚብስ እንዳይደርስብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። የቱን እንያዝ?

ዘጸአት 20፥5 የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ እንደሚደርስ ይናገራል፤ ሕዝቅኤል 18 ደግሞ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። በየሰፈሩ "የዘር እርግማን ነው" የሚባለውን ምን እንበለው?

ሦስተኛው፦ የቤተ ልሔም ሕፃናት ምን አጠፉ?

ልጆቹ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ምን ማለት እንዳለባቸውም ማስተማር እፈልጋለሁ። የምታውቁ አካፍሉኝ።

ዘአንድምታ፦

እኅታችን፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ለመጽሐፈ ኢዮብ ስጪው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ምዕራፍ 1፣ 2 እና 42ን ነው። "የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ" ስንልም እነሱን ብቻ እያሰብን ነው። ታጋሹ ኢዮብ ግን ከምዕራፍ 3 ጀምሮ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ልሟገተው እያለ ይጮኻል። ስለዚህ አስቀድመሽ አከፋፈሉን ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው፦ 1–2 ትረካ፣ 3–31 ኢዮብና ሦስቱ ወዳጆቹ (ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር) የተከራከሩት፣ 32–37 የኤሊሁ ንግግር፣ ከ38 እስከ 42፥6 እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ የመለሰውና የኢዮብ መልስ፣ ቀሪው መደምደሚያ።

ይህ ካልተደረገ የሚመጣው ስሕተት ጥቅሱን እንጂ ተናጋሪውን አለማየት ነው። "ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል" የሚለው በየግድግዳው ተለጥፎ፣ በየሠርጉና በየምረቃው ሲነበብ እናያለን። ኢዮብ 8፥7 ነው፤ የተናገረው በልዳዶስ ነው። ሦስት ቁጥር ወደ ላይ ብንሄድ፣ በ8፥4፣ ይኸው ሰው ልጆቹን በአንድ ቀን ለቀበረ አባት ልጆችህ የሞቱት በበደላቸው ሊሆን ይችላል ይለዋል። ተስፋው ራሱ በ8፥6 ንጹሕና ቅን ብትሆን በሚል ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው፤ ማለትም አሁን ንጹሕ አይደለህም ማለቱ ነው።

ለቡድን ሥራ የምመክርሽ የኤልፋዝን ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን ማስነበብ ነው፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። በምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ብዙዎችን ያስተማርክ፣ የደከሙትን እጆች ያበረታህ አንተ ነህ ብሎ ኢዮብን ያመሰግናል። በምዕራፍ 22 ከቁጥር 6 እስከ 9 ደግሞ ያንኑ ሰው ወንድሞችህን በከንቱ መያዣ ወሰድህባቸው፣ የተራቆቱትን ልብሳቸውን ገፈፍህ፣ ለደከመው ውኃ ከለከልህ፣ መበለቶችን ባዶአቸውን ሰደድህ ይለዋል። በመካከል ኢዮብ ያደረገው አዲስ ነገር የለም፤ ከዐመድ ላይ እንኳ አልተነሣም። የተለወጠው የኤልፋዝ ችግር ነው፦ መከራ ሁሉ የኃጢአት ደመወዝ ነው ብሎ ስላመነ፣ ኃጢአቱን ፈልጎ ሲያጣው ፈጠረለት። ልጆቹ ይህን በራሳቸው ዓይን ካዩት ሌላ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ከዚያ ምዕራፍ 31ን አስነብቢያቸው፤ ኢዮብ ክሱን አንድ በአንድ በመሐላ ያስተባብላል።

ጥንቃቄም አለው። ወዳጆቹ የተናገሩት ሁሉ ሐሰት ነው ብለሽ አታስተምሪ። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥19 የጠቀሰው ከኤልፋዝ ቃል ነው፤ ኢዮብ 5፥13። ጥፋታቸው እውነተኛውን ነገር በማይገባው ሰው ላይ ማዋላቸው ነው። በ42፥7 ፍርዱን የሰጠው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጥቶ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ እንዲያቀርቡ፣ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው አዘዘ። የጮኸውን አጸደቀ፤ እግዚአብሔርን እንከላከልለታለን ያሉትን ገሠጸ።

ወጣቶቹ መጨረሻ ላይ "ሁሉም ተመለሰለት፣ አለቀ" እንዳይሉ ደግሞ ቁጥሩን አስቆጥሪያቸው። በጉ ከ7000 ወደ 14000፣ ግመሉ ከ3000 ወደ 6000 እጥፍ ሆነ። ልጆቹ ግን እንደ በፊቱ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። የሞቱት ተነሥተው ወደ ቤት እንደ ገቡ መጽሐፉ አይናገርም።

የወንጌል አንባቢ፦

ዘአንድምታ ያለውን እየደገፍሁ ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች ልግባ።

ዮሐንስ 5 እና 9 አይጋጩም፤ መንገዱ የአንድ አቅጣጫ መሆኑን ካስተዋልን ማለቴ ነው። ኃጢአት መከራ ሊያመጣ እንደሚችል መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር ይናገራል። መከራ ያየነውን ሰው ግን ወደ ኋላ ተመልሰን "እንግዲያው ኃጢአት አለበት" እንድንል አይፈቅድም። መጻጉዑን ያስጠነቀቀው የሰውን ልብ የሚያውቀው ጌታ ነው፤ እኛ ያን እውቀት ይዘን አንመጣም። በዮሐንስ 9 ላይ ልጆቹ ቁጥር 2ን እና ቁጥር 34ን አያይዘው ያንብቡ። መጀመሪያ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን ነው ብለው ጠየቁ፤ ጌታም ጥያቄውን ዘጋው። ሰውዬው ከተፈወሰ በኋላ ግን ፈሪሳውያን ሁለንተናህ በኃጢአት ተወለድህ ብለው ከምኩራብ አስወጡት። የተዘጋው ሐሳብ በአሳዳጆቹ አፍ ተመልሶ መጣ።

ሉቃስ 13፥1–5 መቅረት የለበትም። ሁለት ዓይነት ሞት በአንድ ቦታ ይገኛል፦ ጲላጦስ ደማቸውን ከመሥዋዕታቸው ጋር የደባለቀው የገሊላ ሰዎች አሉ፣ ይህ የሰው ግፍ ነው፤ በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች አሉ፣ ይህ አደጋ ነው። ለሁለቱም ጌታ፣ የሞቱት ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች አልነበሩም ይላል። ከዚያ ፊቱን ወደ ጠያቂዎቹ አዙሮ እናንተ ንስሐ ግቡ ይላቸዋል። የመኪና አደጋ ወይም የመሬት መንሸራተት በደረሰ ቁጥር "የኃጢአታችን ቅጣት ነው" የሚል ሰባኪ ይህን ክፍል ቀስ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል። የሐዋርያት ሥራ 28፥3–6ም ይጨመር፦ በመላጥያ ደሴት እፉኝት የጳውሎስን እጅ ስትይዝ የአገሩ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ መሆን አለበት አሉ፤ ሳይሞት ሲቀር አምላክ ነው አሉ። ሁለቴም ተሳሳቱ።

ስለ ዘር እርግማን፦ በደልና ዳፋ ይለዩ። ዳፋው ለልጅ ሊተርፍ ይችላል። ዘኍልቍ 14፥33 ላይ ልጆቹ በአባቶቻቸው ምክንያት 40 ዓመት በምድረ በዳ ተቅበዝብዘዋል፤ ሆኖም ከነዓን የገቡት እነርሱ ናቸው። በደሉ ግን አይወረስም። ዘዳግም 24፥16 አባት በልጅ፣ ልጅም በአባት ፋንታ አይገደል ይላል፤ ንጉሡ አሜስያስ ይህን ሕግ ጠብቆ የአባቱን ገዳዮች ልጆች እንዳልገደለ በ2ኛ ነገሥት 14፥6 ተጽፏል። በዘጸአት 20፥5ም "ለሚጠሉኝ" የሚለውን አትዝለሉት፤ በክፋቱ ስለሚቀጥል ትውልድ ነው። ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ምሕረቱን እስከ ሺህ ትውልድ ያደርሰዋል።

አንድ ብልህ ልጅ 2ኛ ሳሙኤል 12ን ያነሣል፤ ተዘጋጂበት። የዳዊት ሕፃን በዳዊት በደል ምክንያት እንደሚሞት ነቢዩ ናታን በግልጽ ተናግሯል። ከባድ ክፍል ነው፤ አለስልሰሽ አታሳልፊው። ሁለት ነገር ግን ማለት ይቻላል። ሕፃኑ በደለኛ ነው አልተባለም። ምክንያቱንም የተናገረው የተላከ ነቢይ ነው፤ ጎረቤቱን የሚታዘብ ሰው አይደለም። ዳዊትም በ12፥23 እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም ያለውን ከዚያው ጋር አንብቡ።

ዳዊት ደጋሚ፦

ስለ ቤተ ልሔም ሕፃናት ልናገር። ማቴዎስ 2፥16–18 ሞታቸው ለምን እንደጠቀመ ምንም አይናገርም፤ ገዳዩን ሄሮድስን በስሙ ይጠራል፣ ከኤርምያስ 31፥15 የራሔልን ልቅሶ ያመጣል፣ ልጆችዋ የሉምና መጽናናትን እንቢ አለች ብሎ ይተዋታል። ወንጌላዊው ዝም አላሰኛትም፤ እኛም አናሰኛት። ስንክሳራችን (የየዕለቱ የቅዱሳን መታሰቢያ የሚነበብበት መጽሐፍ) ጥር 3 ቀን እነዚህን ሕፃናት ያስባል። ቤተ ክርስቲያን ለሞታቸው ማብራሪያ ከመፈለግ ይልቅ እንደ ሰማዕታት አከበረቻቸው። ከተቻለ ትምህርቱ ጥር 3 ላይ ወይም በአቅራቢያው እንዲውል አድርጊ።

ሁለተኛውን ሳምንት ለመዝሙረ ዳዊት ብትሰጪው መልካም ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን አስተካክሉ፦ የግዕዙ ዳዊት ከዕብራይስጡ አቆጣጠር በአብዛኛው በአንድ ያንሳል። አንዱ ልጅ 87 ሲል ሌላው 88 ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ይጠፋል። መዝሙር 12 (በዕብራይስጡ 13) አጭር ስለሆነ መጀመሪያ ይሁን። ክፍሎቹ ግልጽ ናቸው፦ አራት ጊዜ "እስከ መቼ" የሚል ጩኸት፣ ቀጥሎ ልመና፣ መጨረሻ ላይ በምሕረቱ መታመን። ልጆቹ በዚህ ቅርጽ የራሳቸውን ስምንት ወይም ዐሥር መስመር ይጻፉ፤ እንዲያነቡ ግን አታስገድጃቸው። ከዚያ 87ን (88ን) አንብቡ። እዚያ መጨረሻው ላይ መታመኛው የለም፤ በጨለማ ነው የሚያበቃው። ብዙ አስተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ጨለማው ከብዶት ከሌላ መዝሙር ምስጋና ቀጥሎ ይዘጋዋል። ተዪው። ቅዱስ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጸሎትም በውስጡ አኑሯል።

"ማማረር ኃጢአት አይደለም ወይ?" መባሉ አይቀርም። እስራኤል በምድረ በዳ ያንጎራጎሩት ስለ እግዚአብሔር እርስ በርሳቸው እያወሩ ነው፣ ወደ ግብፅ እንመለስ እያሉ። መዝሙረኛው ግን የሚጮኸው ወደ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ነው። ጌታም በመስቀል ላይ የጮኸው በመዝሙር 21 (22) መጀመሪያ ቃል ነው።

ሲስተር ሕይወት፦

ለቅሶ ቤትን በተመለከተ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው አንድም ቃል አልተናገሩም (2፥13)። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ልጆቹ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ይቀመጡ፤ ውኃ ይቅዱ፣ ወንበር ያንሱ፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው ይሂዱ። በዚያን ጊዜ ቤቱ ባዶ ነው።

የማይባሉትን ደግሞ ለይተሽ ንገሪያቸው፦ "ለበጎ ነው"፣ "እግዜር ስለወደደው ወሰደው"፣ "አታልቅሺ፣ እግዜርን ማስከፋት ነው"። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ሮሜ 8፥28ም ቢሆን ተቆርጦ ሲነገር ይጎዳል። ከ18 ጀምሮ ይነበብ፦ በቁጥር 22 ፍጥረት ይቃትታል፣ በ23 እኛ እንቃትታለን፣ በ26 መንፈስ ቅዱስ በማይነገር መቃተት ይማልዳል። 28 የሚመጣው ከሦስቱ መቃተት በኋላ ነው። እውነት ነው፤ ትናንት ልጇን ለቀበረች እናት ግን የመጀመሪያው ቃል እሱ አይሁን።

ሌላው፣ በእኛ ዘንድ ጎልቶ የማይነገር፦ መከራው ከሰው እጅ ሲሆን። ባሏ የሚደበድባትን ሴት "መስቀልሽን ተሸከሚ" ማለት ትልቅ በደል ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 2፥19 ላይ የሚታገሡት ሰዎች የሚሠቃዩት በግፍ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል፤ ግፉ መልካም ነው አልተባለም። በ1ኛ ነገሥት 21 ናቡቴ በሐሰት ምስክር ሲገደል ነቢዩ ኤልያስ የተላከው ወደ ንጉሡ አክዓብ ነው፣ ገድለህ ወረስህን ሊለው። ማምለጥም ይፈቀዳል፦ ዮሴፍና እመቤታችን ሕፃኑን ይዘው ወደ ግብፅ ሸሹ፤ ጳውሎስ በደማስቆ በቅርጫት ከቅጥር ወረደ፤ ሊገርፉት ሲሉ የሮም ዜግነቱን ጠቀሰ (የሐዋርያት ሥራ 22፥25)። ተደብዳቢዋ ደኅና ቦታ እንድታድር መርዳትና ለሕግ ማሳወቅ ከትምህርቱ ውስጥ ይግባ።

ወለተ ማርያም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተጠቀምሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። "ያልተፈወሰው እምነቱ ስለጎደለ ነው" ብለው የሚከራከሩ ልጆች አሉ። ለአራተኛው ሳምንት ምን ላቅርብላቸው?

የወንጌል አንባቢ፦

ከጳውሎስ ሕይወት ሦስት ነገር አቅርቢ። ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መልሱ "ጸጋዬ ይበቃሃል" ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥7–9)። ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው፣ እምነትህ ጎድሏል አላለውም (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23)። የአገልግሎት ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ከተማ ተወው (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)።

ከዚያ ዕብራውያን 11ን ከቁጥር 33 እስከ 39 ለሁለት ቡድን አከፋፍለሽ ስጪ። አንዱ ቡድን በእምነት የዳኑትን፣ ሌላው በእምነት የሞቱትን ይዘርዝር። በቁጥር 34 ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ፤ በቁጥር 37 በሰይፍ የተገደሉ አሉ። ዝርዝራቸውን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉና ቁጥር 39ን አብራችሁ አንብቡ፤ ሁለቱም ወገኖች በእምነታቸው እንደተመሰከረላቸው ይናገራል። ለዚህ 40 ደቂቃ መድቢ፤ ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ስለሆነ ለጥያቄ ጊዜ ያስፈልግሻል።